ሻሚላና አርባ ሦስቱ የማዕረግ ጩቤዎች

ሻሚላ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ያበላሸችው ሥራ አንድ ብቻ ነው። እሱን ስታበላሽ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ብረቱ ከድንጋዩ ጋር ሲታገል የሚወጣው ብልጭታ በግድግዳው ላይ አልፎ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያርፍ፣ «ዛሬ ደግሞ ምን አግኝተሽ ነው?» ብዬ መጮኼ ትዝ ይለኛል።

እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። የእኔንና የእሷን ሱቅ የምትለያቸው አንዲት የጣውላ ግድግዳ ናት፤ እሷም ከላይ ክፍት ስለሆነች አንዳችን ስናስነጥስ ሌላችን «ይማርሽ»፣ «ይማርህ» እንባባላለን። ያለነው ገበያው መሃል በሚያልፈው ረጅም መተላለፊያ ውስጥ ነው። ፊት ለፊታችን ቁልፍ ቀራጭ አለ፤ ከእሷ በስተቀኝ አዝራርና ዚፕ የሚሸጡ እናት አሉ። የእሷ ሱቅ በሩን ከፍተው ሁለት እርምጃ ከተራመዱ ያልቃል። በመጀመሪያ በእግር የሚረገጥ፣ በኋላ በሞተር የሚዞር የመሳያ ድንጋይ፣ የውሃ ባልዲ፣ የቆዳ መጥረጊያ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ተራቸውን የሚጠብቁ የምግብ ቤት ቢላዎችና የልብስ ሰፊ መቀሶች።

ሻሚላ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ስሙን የሰጧት ባለ ልኳንዳዎች ናቸው። «ቢላ ሰጥተናት ሻሚላ መለሰችልን» እያሉ፣ እንደ ጎራዴ ስለታም ሆነ ለማለት፣ ሲያወሩ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። አሁን ታናናሾቿ «እትዬ ሻሚላ» ይሏታል፤ የእውነት ስሟን በገበያው ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ድንጋዩ የባሏ ነበር። እሱ ጥሩ እጅ የነበረው ቢላ ሞራጅ ነው፤ ግን ገና በጎልማሳነቱ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረው። «በዚህ ሥራ ከቀጠልኩ በየሳምንቱ ጣቶቼን መቁጠር ሊኖርብኝ ነው» ብሎ ቀለደና ወንበሩን ለቀቀ። ሻሚላ ያኔ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋን ትታ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ስድስት ወር ሙሉ ባሏ ከኋላዋ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ መተላለፊያው አዙሮ፣ በድምፁ ብቻ አስተማራት። «አሁን አቃጠልሽው» ይላታል ዞር ሳይል። «አሁን ቀለልሽለት። አዎ፣ እንደሱ። አሁን ዘፈነልሽ።» እኔም በግድግዳው ማዶ ሳልፈልግ ሙያውን በግማሽ ተማርኩ።

ያ ነገር የሆነው በሁለተኛ ዓመቷ ነው። አንዲት አዲስ ሙሽራ፣ ገና ወደ ባሏ አባት ቤት የገባች ልጅ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። ሁለት የወጥ ቤት ቢላ፣ አንድ መቀስና አንድ ጩቤ። «የቤቱ ብረት ሁሉ ዶልዱሟል፤ ይኼኛውማ ጭራሽ ቅቤም አይቆርጥ» አለች ጩቤውን እያሳየች። ጩቤው ባለ ሁለት አፍ ነው፤ ከሰገባው ውጭ ለዓመታት ሳይወለወል ተቀምጦ ጠቁሯል። ሻሚላ ድንጋዩ ላይ አደረገችው። ብረቱ አሻፈረኝ አላት። እልህ ያዛትና ጉልበቷን ጨመረችበት፤ ለአንድ ቢላ ከሚበቃው ጊዜ አራት እጥፉን ወሰደባት። ሲያልቅ ከጫፍ እስከ እጀታው መስታወት አድርጋው ነበር። ሙሽራዋ አመስግናት ሄደች።

በሁለተኛው ቀን ከረፋዱ ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከሱቋ ፊት ቆሙ። አወቅኋቸው። የግድግዳ ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ ጠግኜላቸዋለሁ፤ ጡረታ የወጡ ሻለቃ ናቸው። ከብብታቸው ያንን ጩቤ አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ይኼን የሳልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጋሼ። ምነው፣ አልቆርጥ አለ?»

«ኧረ ይቆርጣል። ዛሬ ጠዋት ምራቴ ሽንኩርት ስትከትፍበት ነው ያየሁት። እንዲህ የሚቆርጥ ቢላ በቤታችን ኖሮ አያውቅም።»

ሻሚላ ምስጋና መስሏት ፈገግ አለች። ቀና ብላ ፊታቸውን ስታይ ግን ፈገግታዋ ከንፈሯ ላይ ደረቀ።

«ይኼ እንዲቆርጥ አልነበረም የተሠራው፣ ልጄ» አሉ ሻለቃው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «የማዕረግ ጩቤ ነው። መኮንን የክብር ልብሱን ሲለብስ በወገቡ የሚያንጠለጥለው። እኔና ጓደኛዬ ከጦር ትምህርት ቤት ስንመረቅ ጩቤ ተለዋወጥን፤ እሱ ለኔ በሰጠኝ ላይ ስሙን አስቀረጸ፣ እኔም ለሱ በሰጠሁት ላይ ስሜን። መቶ አለቃ ሳለ ድልድይ ሲያስጠግን ጎርፍ ወሰደው። ስሙ እዚህ ላይ ነበር።» ጣታቸውን በሚያብረቀርቀው ባዶ ብረት ላይ አሳረፉ።

ሻሚላ አመድ መሰለች። «ምን ላድርግ? ምን ልካስዎት?» አለች።

«ምንም። አንቺ የታዘዝሽውን ነው የሠራሽው» ብለው ጩቤውን በመሐረባቸው ጠቅልለው ሄዱ።

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ቢሰድቧት መልሳ ትሰድባለች፤ አፍ የላትም እንዳይመስላችሁ። ያቺ «የታዘዝሽውን ነው የሠራሽው» የምትለዋ ቃል ግን አልለቅ አለቻት። የዚያን ቀን ሱቋን በእኩለ ቀን ዘጋች። በማግስቱ ጠዋት መጥታ «ቤታቸውን ታውቀው የለ? ውሰደኝ» አለችኝ።

በሩን የከፈተችልን ሙሽራዋ ናት፤ ዓይኗ አብጧል። ሻለቃው ሳሎን ውስጥ ሬዲዮ ከፍተው ተቀምጠዋል። ሻሚላ ቁጭ በይ ብትባልም አልተቀመጠችም።

«ጥፋቱ የዚች ልጅ አይደለም» አለች። «እሷ ቢላ መስሏት ነው። እጄ ላይ የገባውን ብረት ማወቅ የኔ ሥራ ነበር። እልህ ሲይዘኝ ቆም ብዬ ለምን እምቢ አለኝ ማለት ነበረብኝ። አሁን ስሙን ልመልስልዎት አልችልም። ዳግመኛ የሌላ ሰው ስም እንዳላጠፋ ግን ያስተምሩኝ።»

ሻለቃው ሬዲዮውን ዘጉት። እኔ በበኩሌ ሊያስወጡን ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ለሃያ ዓመት ምልምል ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ አስተምሩኝ ያላቸው አንድ ሰው አልነበረም። «ሐሙስ ይመችሻል?» አሏት።

እንዲህ ሆኖ በየሐሙሱ ጠዋት ሻለቃው በሁለታችን ሱቅ መሃል ዱካ ላይ ይቀመጡ ጀመር። ከጓዶቻቸው እየተዋሱ ጩቤ ያመጡላታል። የማዕረግ ጩቤ አፍ እንደማይወጣለት፣ ጫፉ ብቻ ሹል እንደሆነ ነገሯት። እጀታው ላይ የሚጠመጠመው ሽቦ ስንት ዓይነት እንደሆነ፣ በእጀታውና በስለቱ መካከል ካለው አግዳሚ ላይ የሚንጠለጠለው የወርቅ ክር ዘርፍ ማዕረግን እንዴት እንደሚናገር፣ የሠሪው ምልክት ከየት ላይ እንደሚፈለግ። የመድፈኛ፣ የመሐንዲስ፣ የሕክምና መኮንን ጩቤ በምን በምን እንደሚለይ። እሷ ግን ከዓይኗ ይልቅ የምታምነው እጇንና ጆሮዋን ነበር። ጩቤውን በሁለት ጣቷ ይዛ በጥፍሯ መታ ታደርገዋለች፤ ጆሮዋን ታቀርባለች። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ «የመቶ ዓመት ዕቃ» ብሎ ያመጣላትን ጩቤ መታ አደረገችው፣ ከዚያ አሸተተችው። «ይኼማ የትናንት ልጅ ነው» አለችው። «ዝገቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል፤ እንዲያረጅ ኮምጣጤ አጠጥተኸዋል።» ሰውዬው ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ሻለቃው ደስ ብሏቸው ዱካውን በመዳፋቸው ደበደቡ።

የተሳለውን የእሳቸውን ጩቤ ግን እንደገና ሰገባ ውስጥ አልከተቱትም። «ሥራ ከያዘ ወዲያማ ጡረታ አላወጣውም» ብለው እስከ መጨረሻው ዳቦ ቆረጡበት።

ሻሚላ ከሱቋ በር ላይ በጣውላ ላይ የጻፈችው ማስታወቂያ እስካሁን አለ። «የመኮንን ጩቤ አንስልም፤ በጥሩ ቢላ እንለውጣለን» ይላል። መጀመሪያ ሰው ሳቀባት። ቀስ በቀስ ግን መምጣት ጀመሩ። ለካ በየቤቱ የነበረው ነገር! ባል ይሞታል፣ ልጆች ይበታተናሉ፣ ያ የክብር ጩቤ ከቁም ሳጥን ወደ ሳጥን፣ ከሳጥን ወደ ወጥ ቤት ይወርዳል። አንዱን ያመጣው ቀለም ቀቢ ነው፤ የቀለም ጣሳ ይከፍትበት ነበር። አንዱ የዶሮ ቤት በር መቀርቀሪያ ሆኖ ስድስት ዓመት ዝናብ ሲመታው ኖሯል። አንዱን ያመጡት መነኩሲት የመሰሉ ጭምት ሴትዮ «ምስማር ስመታበት እጀታው ተሰነጠቀብኝ፣ ሌላ ጠንከር ያለ አለሽ?» ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

ለእያንዳንዱ ራሷ የሠራችውን፣ ከአሮጌ የመኪና ሱስታ የተቀጠቀጠ ቢላ ትሰጣለች። ግን አንድ ደንብ አላት፤ ታሪኩን ሳትሰማ ጩቤ አትቀበልም። የማን ነበር፣ ምን ዓይነት ሰው ነበር፣ ጩቤው ከዚያ በኋላ ምን ሲሠራ ኖረ? ያንን ማታ ቤት ሄዳ ለባሏ ትነግረዋለች፤ እሱ በካርቶን ቁራጭ ላይ ይጽፈዋል፤ ካርቶኑ በክር እጀታው ላይ ይታሰራል። የባሏ ፊደል ከእጁ ጋር ይንቀጠቀጣል፤ የአንዳንዱ ፊደል እግር ከታችኛው መስመር ድረስ ይወርዳል። አንዱን ልቅዳላችሁ፤ «የመድፈኛ መቶ አለቃ ነበር። ሰው ሲያመሰግነው ያፍር ነበር። ሚስቱ የአበባ አፈር ትቆፍርበት ነበር። በአንድ ትልቅ ቢላና በአንድ መቀስ ተለወጠ።» በስተመጨረሻም ሁሌ አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ቤተሰብ ከጠየቀ ይመለሳል።»

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። ሌላው ሰው ብርጭቆና ስኒ የሚደረድርበት ባለ መስታወት ቁም ሳጥን በእነሱ ቤት ጩቤ ብቻ ነው። ነርስ የሆነችው ልጃቸው በዚህ ስንቴ ተጣላቻቸው መሰላችሁ! «እማዬ፣ ሰው ቤታችን ሲገባ ምን እንደሚያስብ ታውቂያለሽ?» ትላለች። የእጮኛዋ ወላጆች ሊጠይቋቸው የመጡ ዕለት እንዲሸፈን ብላ አንሶላ ዘረጋችበት። በምሳው መሃል አንሶላው ሸርተት ብሎ ወደቀና አርባ የሚሆን ጩቤ በእንግዶቹ ራስ ላይ ፍጥጥ አለ። የእጮኛዋ አባት ቀና ብለው አዩት፣ ወደ ልጃቸው ዞር አሉና «እንግዲህ ልጅቷን ብታስከፋት ምን እንደሚጠብቅህ አይተሃል» አሉት። ጋብቻው ያኔ ጸደቀ ይላል የሻሚላ ባል።

ይኼ ሁሉ እንዲህ በሳቅ እንዳለ አንድ ማክሰኞ ሁለት ፖሊሶች መጡ። አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም፣ «በአንድ ቤት ውስጥ አርባ ሦስት ጩቤ ተከማችቷል» ብሎ አመልክቷል። እውነት ነው፤ ቁጥሩም አልተሳሳተም። ጩቤዎቹ በሦስት ሳጥን ተጭነው፣ ሻሚላም ተከትላቸው ጣቢያ ሄደች። እኔ ሱቄን ዘግቼ፣ ሻለቃው ምርኩዛቸውን ይዘው ከኋላ ደረስን።

የጣቢያው አዛዥ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ዓይኑ ለሥራ የተፈጠረ። ሳጥኑን ከፍቶ አንዱን አወጣ፣ አገላብጦ አየው። «እማማ፣ ይኼ ሁሉ መሣሪያ ምን ይሠራልዎታል?»

«ወረቀት አለህ?» አለችው ሻሚላ።

ከጠረጴዛው ላይ አንድ ንጹሕ ወረቀት ሰጣት። ወረቀቱን በግራ እጇ አንጠለጠለች፤ በቀኟ ከሳጥኑ አንድ ጩቤ አንስታ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሳበችው። ወረቀቱ ታጠፈ እንጂ አልተቆረጠም። ጩቤውን አስቀምጣ ሁለተኛውን አነሳች። ከዚያ ሦስተኛውን። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ፖሊሶች ሥራቸውን ትተው ተሰበሰቡ። አርባ ሦስቱንም በየተራ ሞከረች፤ ወረቀቱ ተጨማዶ መሐረብ መሰለ እንጂ የተቆረጠ ቦታ አልነበረበትም። ሲያልቅ ከአዛዡ ጠረጴዛ ላይ መቀሱን አነሳችና ወረቀቱን ለሁለት ልትቆርጠው ሞከረች። መቀሱም አልቆረጠም።

«ይኼንን እንኳ ነገ ላክልኝ፤ አሳፋሪ ነው» አለችው።

አንዱ ፖሊስ ሳቁ አመለጠው። አዛዡ ግን አልሳቀም፤ እውነት ሊገባው የፈለገ ሰው ነው። «ጫፉ ግን ይወጋል» አለ።

«ይወጋል። የልብስ መርፌም ይወጋል።»

«እሺ፣ ካልቆረጠ ለምን ይሰበስቡታል? የማይቆርጥ ብረት ምን ያደርግልዎታል?»

«የሚቆርጠውንማ ቀኑን ሙሉ ስስል እውላለሁ» አለች ሻሚላ። ከዚያ ጨመረች፤ «ልጄ፣ አንድ ጊዜ በማላውቀው ነገር የሰው ስም በድንጋይ ፍቄ አጥፍቻለሁ። እነዚህም እኔ ካልያዝኳቸው ነገ አንዱ ዘንድ ወስደው ያስሏቸዋል።»

ሻለቃው ያኔ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሕጉ ግን ሕግ ነው፤ ጩቤዎቹ መመዝገብ ነበረባቸው። አንድ ወጣት ፖሊስ ተመድቦ የእያንዳንዱን ርዝመት፣ ምልክትና የቀድሞ ባለቤት ይጽፍ ጀመር። ለርዝመቱ ማስመሪያ ነበረው፤ ለባለቤቱ ግን ካርቶኑን ማንበብ አለበት። የመጀመሪያዎቹን አምስት ፈጠን ፈጠን አድርጎ ጻፈ። ስድስተኛው ላይ «እንዴት ማለት ነው፣ የዶሮ ቤት መቀርቀሪያ?» ብሎ ብዕሩን አስቀመጠ። ሻሚላ አስረዳችው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ፤ ሌሎቹም ወንበር እየጎተቱ ቀረቡ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ማንም አልተነሣም። ማመልከቻ ይዘው የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ በሩ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አዛዡ መዝገቡ ላይ ማኅተም መታ፣ ሳጥኖቹን በራሱ መኪና አስጫነላት። እሷን ሲሸኛት «እማማ፣ ይኼ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀር ነገር አይደለም» አላት።

ሰውየው ለወሬ ብቻ አልተናገረም። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እህቱ ነበረች። በሁለት ወር ውስጥ የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ጩቤዎቹን እንድታሳይበት ለሻሚላ ለአንድ ሳምንት ተሰጠ። ኃላፊዋ የካርቶኖቹን ጽሑፍ በማሽን ላስተይብ ብትል ሻሚላ እምቢ አለች። «የባሌ እጅ ነው፤ እንደተንቀጠቀጠ ይታይ» አለች። ጩቤዎቹንም እንዳያብረቀርቋቸው ለመነች። የተሰነጠቀው እጀታ እንደተሰነጠቀ፣ ቀለም የነካው ቀለሙ እንዳለ ተሰቀለ።

ሰዉ ጎረፈ። ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ ነበሩ፤ የሞቱ ወንድሞቻቸውን ስም የሚፈልጉ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ነው ችግሩ የመጣው። አንድ ጠና ያለ ሰው ከአንዱ ጩቤ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመና ወደ ሻሚላ መጣ። የቆመበትን ጩቤ ሁላችንም እናውቀዋለን። እጀታው የዝሆን ጥርስ ነው፤ ስለቱ ላይ የፈረሰኞች ምስል ተቀርጿል፤ ዘርፉ ሳይቀር ሙሉ ነው። ከአርባ ሦስቱ እንደሱ ያለ የለም። እሷ ራሷ በየሳምንቱ መጨረሻ ጩቤዎቹን ዘይት ስትቀባ መጀመሪያ የምታወጣው እሱን ነበር።

«የአባቴ ነው» አለ ሰውየው። «እናቴ ቢላ ቀየረችበት ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። ልግዛዎት።»

«አይሸጥም» አለችው።

ሰውየው አንገቱን ደፋ።

«አይሸጥም አልኩህ እንጂ አልሰጥህም አላልኩም። ካርቶኑን አላነበብከውም?» አለችና ካርቶኑን ገልብጣ የመጨረሻዋን መስመር አሳየችው። ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ሱቋ ጠርታ በራሷ እጅ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው። ልጁ እንዳይጫወትበት፣ እሱም እንዳይስለው አስጠነቀቀችው። ሰውየው ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ዞር አላለችም፤ ባልዲዋን አንስታ ውሃ ልትቀዳ ወጣች፤ ባልዲው ሙሉ ነበር።

በዚያ ሳምንት አምስት ቤተሰብ አምስት ጩቤ ወሰደ። ጩቤ የሚሰበስቡ ሀብታሞች ይኼን ሰምተው «ሴትዮዋ ጤና የላትም» አሉ ተባለ። ለሻሚላ ስነግራት «እነሱ ብረት ነው የሚሰበስቡት» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሻለቃው ያን ሳምንት በየቀኑ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጎብኚ በመጣ ቁጥር ዘርፍ ከዘርፍ ሲለዩ ዋሉ። በሚቀጥለው ዓመት አረፉ። ምራታቸው፣ ያቺ የድሮ ሙሽራ፣ መጥታ ስትነግረን ሻሚላ ድንጋዩን አጥፍታ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ አመሸች። ሐሙስ ሐሙስ ዱካውን ለማንም አንሰጥም ነበር፤ በኋላ ግን «ባዶ ዱካ ማየት አልወድም» ብላ ራሷ አዝራር የሚሸጡትን እናት አስቀመጠችበት።

አሁን ስልሳ ዘጠኝ ሞላት። አሁንም ትስላለች። ባለፈው ዓመት ከሩቅ ከተማ ወሬ መጣ፤ አንዲት የአየር ኃይል አብራሪ ሚስት የነበሩ አሮጊት፣ አግዳሚው የወፍ ክንፍ የሆነ ጩቤ አላቸው ተባለ። ሻሚላ እንዲህ ያለውን በሥዕል እንጂ በእጇ ይዛ አታውቅም። ባሏ አሁን ከቤት አይወጣም፤ «አንተ አብረሃት ሂድ፣ እሷ መንገድ ላይ ከሹፌሩ ቢላ ትቀበላለች» አለኝ። አራት ሰዓት በአውቶቡስ ተጓዝን።

የሴትዮዋ ቤት ከአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጩቤው ከበሩ ጎን ከባለቤታቸው ፎቶ ሥር ተሰቅሏል። ሴትዮዋ በሩን እንደከፈቱ፣ ገና ሳንቀመጥ፣ «አልሰጥሽም፤ አስቀድሜ ልንገርሽ» አሉ።

«ኧረ አልጠየቅሁም» አለች ሻሚላ። «ልይዘው ብቻ ነው።»

አወረዱላት። ክንፎቹን በአውራ ጣቷ ዳበሰቻቸው፤ ላባው አንድ በአንድ ተቀርጿል። በጥፍሯ መታ አድርጋ ወደ ጆሮዋ አቀረበችው። ከዚያ ከሰገባው ስታወጣው ፊቷ ተቀየረ፤ ከእጀታው ሥር ቀይ ዝገት ጀምሯል።

«ሁሌ በዚህ የቆዳ ሰገባ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት?»

«የትስ ላስቀምጠው?»

«ቆዳ እርጥበት ይስባል። ሰገባውን ለብቻ፣ ስለቱን ለብቻ ያድርጉ።» ከቦርሳዋ ንጹሕ ጨርቅና የስፌት መኪና ዘይት አወጣች። ቁጭ ብላ ዝገቱን በጣቷ ጫፍ፣ አንድ ሰዓት ያህል፣ ጭረት ሳታስቀር አነሳችው። ሴትዮዋ መጀመሪያ ከላይዋ ቆመው ተጠባበቁ። ቆይተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ ስለ ባላቸው ማውራት ጀመሩ፤ ከአየር ላይ ቤታቸውን ሲያልፍ ክንፉን እንዴት ያወዛውዝላቸው እንደነበር፣ መሬት ላይ ግን መሰላል መውጣት ይፈራ እንደነበር። ሻሚላ ቀና ሳትል «እሺ፣ ከዚያስ?» ትላለች። ስንወጣ ጩቤው ተመልሶ ከፎቶው ሥር ተሰቀለ፣ ሰገባው ከጎኑ ለብቻው።

አውቶቡሱ ውስጥ «ባዶ እጅሽን ተመለስሽ» አልኳት።

«ምን ባዶ አለው?» አለችኝ። «የክንፉ ላባ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት ነው። አሁን አውቀዋለሁ።» እስክንደርስ ድረስ ሽቦው ከግራ ወደ ቀኝ እንደተጠመጠመ በጣቷ እያሳየች ስታስረዳኝ መጣች፤ እኔ ግማሹን መንገድ ተኝቼ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ቤታቸው ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ ስልክ ጠራ። ሴትዮዋ ናቸው። «ዘይቱ አለቀብኝ፤ የቱን ልግዛ?» ይላሉ። ሻሚላ ነገረቻቸው። እሳቸው ግን ዘይቱን ጨርሰው ስለ ጉልበት ሕመማቸው፣ ስለ ልጃቸው፣ ከዚያ ደግሞ ስለ ባላቸው አንድ አዲስ ነገር ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ይደውላሉ። የሻሚላ ባል ከአልጋው ላይ ሆኖ ያዳምጥና ዝም አይልም።

«ጩቤው ቢቀርብሽ ሴትዮዋን ሰበሰብሽ» አላት ባለፈው እሁድ።

ሻሚላ የስልኩን አፍ በመዳፏ ከደነችና «ዝም በል እስኪ፤ ካርቶንና እስክሪብቶ አዘጋጅ፣ የአብራሪው መሰላል ላይ ደርሰናል» አለችው።